ያልደረሰው ካሳቫ

ነይ እስኪ ኑርሀያትዬ፣ ከጥላው ግቢ። ልጆች ደህና? ላምሽስ ወለደች? አልሐምዱሊላህ... ዝናቡም ዘንድሮ የሚያዝንልን ይመስላል።

እኔማ ከገበሬ ማሰልጠኛው መምጣቴ ነው። የካሳቫ ቅምሻ ነበር። የግብርናው ሰላሀዲን "ሀውራ፣ ምላስሽ ስል ነው፣ ነይ ቅመሽልን" ብሎ ጠራኝ። ምላሴን ደግሞ ማን ነገረው? የገበሬውን ሁሉ ካሳቫ እኩል እኩል ቆራርጦ ጣደው። ሹካ ሲነካው ፍርክስ ያለው ያልፋል፤ ለከርሞ ተከላም ግንድ የሚቆረጠው ከዚያ ሰው ማሳ ነው።

የዚያ የኑርዬ ካሳቫ ወዲያው ፍርክስ አለ። የእነ ስህን ትንሽ ውሃ ያዘለ ነው፣ ይበላል። የአንዷ ግን... ማሻአላህ! ስሟን ተይው። ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? አጥሩም ስስ ነው...

ሥሩ የሰው ጭን ያህላል። ተጣደ፤ ዙሁር ደረሰ፣ ሰግደን ተመለስን፣ ሹካው እምቢ አለ። ሰላሀዲን በቢላ ታገለው፣ ቢላው ጎበጠ። እኔም ላለማስቀየም አኘክሁት፤ ክሩን ይኸው ከጥርሴ መሃል እስካሁን እየጎተትኩ ነው። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል አይደል የሚባለው? የቆየ ካሳቫ ደግሞ ማገር ይወልዳል ለካ። "ስንት ዓመቱ ነው?" ቢላት፣ "ሦስት" አለች ኮራ ብላ። በገዘፈ ቁጥር የሚጣፍጥ መስሏት ነዋ! ቆጣቢ ሴት...

ያ ጦርነት የገባ ጊዜ ትዝ ይልሻል? መንገዱ ተዘግቶ፣ ወፍጮው ቆሞ፣ የጎተራው እህል ተጠርጎ ሲወሰድ? አፈር ውስጥ ያለውን ግን ማን አየው? ይኸው የሷ ካሳቫ ያኔ ዓመት ከመንፈቁ ነበር፣ ልክ ለመብል የደረሰበት። ሦስት ቀን ሰፌድ ይዤ ደጇ ቆምኩ። "አልደረሰም ሀውራዬ፣ ሳይደርስ ከተበላ የልጅ ሆድ ይነፋል" አለችኝ። አየሽልኝ አሳቢነት? ለልጆቼ ሆድ ከእኔ ከእናታቸው በላይ ተጨነቀች... ባዶ ሆድንስ ምን ይነፋዋል? ትንሿ ፈዲላ ማታ ማታ "እማ፣ የሳቸው ካሳቫ ነገ ይደርሳል?" ትለኝ ነበር። እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው፣ ኑርሀያት። ዛሬም ይቆርጠኛል።

ቂም ግን የለኝም፣ ወላሂ! ሰላሀዲን ወረቀቱን ሲሞላ እንኳ "በጣም ጠንካራ" ብለህ ጻፍላት አልኩት። ሙገሳ አይደለም? ለተከላው የኑርዬ ግንድ ተመረጠ እንጂ፣ እኔ ምን ላድርግ?

በይ ሳትሄጂ ዱዓ እናድርግላት። እኔ ልበል፣ አንቺ አሚን በይ። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው። ቤቷን ሙሉ ያድርገው። በዚያ በክፉ ቀን ለልጆቼ የሰጠቻቸውን ሁሉ ደግሞ... እጥፍ አድርጎ በእርጅናዋ ይስጣት።