ጠንካራው አንጀት በአራተኛው ትሪ

የምስክር መጠሪያ፦ ሚዛኑ (በገበያ የሚታወቁበት)
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የበግ አንጀት ነጋዴ
አድራሻ፦ ከቄራው ጀርባ፣ ሦስተኛው መጋዘን
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሰኞ፣ በወሩ 24ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ቀኖቹን የጠቀስኩት የዕለት ማስታወሻዬን እያየሁ ነው።

ለማስተማሪያ ሆስፒታሉ የበግ አንጀት አቀርባለሁ። ቀዶ ሕክምና የሚማሩ ሐኪሞች በፈተና ቀን የተቆረጠ አንጀት ጫፍ ለጫፍ ሰፍተው ይቀጥላሉ፤ ፈታኙ ፕሮፌሰር ቀለም ያለው ውሃ ይሞሉበታል። ካላፈሰሰ ተፈታኙ አልፎ በሽተኛ እንዲሰፋ ይፈቀድለታል፤ ካፈሰሰ ወደ ልምምድ ይመለሳል። ከተፈታኞቹ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት።

ባለፈው ወር 6ኛ ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡30፣ አንጀቱን በስድስት ትሪ ደለደልኩ። የእህቴ ልጅ ቁጥር አራት መሆኗን የፈተናው ክፍል በር ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር አይቻለሁ። የትኛው አንጀት ክር እንደሚይዝ በሁለት ጣት ዳብሼ አውቃለሁ። ካረጀ በግ የወጣውን ጠንካራውን በአራተኛው ትሪ አስቀመጥኩ። ስሱ ለቁጥር አምስት ደረሰ። ይህን እንዳደርግ የጠየቀኝ የለም፤ እሷም አታውቅም።

የእሷ አንድ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። የቁጥር አምስት አፈሰሰ። ልጁ "ስፌቱ ደህና ነው፣ አንጀቱ ነው የተቀደደው" ሲል ፕሮፌሰሩ "እንግዲህ በጉን ክሰሰው" አሉት። ሁሉም ሳቁ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሳቅሁ።

ከቀኑ 8፡00 ገደማ የእህቴ ልጅ መጋዘኔ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ሦስቴ አፍሶብኝ ዛሬ እንዴት ያዘልኝ? አንድ ወር ብለማመድ ይሻላል መሰለኝ" አለችኝ። "እጅሽ ተፍታቶ ነዋ፤ ያለፈውን ፈተና ማን ይደግማል?" አልኳት። አመነችኝ፤ ልምምዱን ተወችው።

በዚህ ወር 11ኛ ቀን የሰፋችው የአንዲት እናት አንጀት ከሦስት ቀን በኋላ አፈሰሰ። ሴትዮዋ ሆዳቸው ዳግመኛ ተከፍቶ ተርፈዋል፤ እስካሁን ግን ከአልጋ አልተነሱም። ባለቤታቸው ከሰሱ። የእህቴ ልጅ ለምርመራ ስትጠራ "ፈተናውን በአግባቡ አልፌያለሁ" ብላ ፈርማለች። ይህ ትክክል አይደለም፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ቁጥር አምስትም እንደገና እንዲፈተን እጠይቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ነገርኳት። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር" አለችኝ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። መርማሪው "ለዘመድ በማሰብ" የሚል ሐረግ ጨምሮልኝ ነበር፤ እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል። የቀረው እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________