ስድስተኛዋ ረዳት

(ገርጂ፣ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት አራተኛ ፎቅ፣ ከምሳ በኋላ፤ ወጣቱ ፕሮግራመር ኪሩቤል የሠራውን ፕለጊን፣ ማለትም በኤአይ ረዳት ላይ የሚገጠም ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ከደም ባንክ ለሚመጡ እንግዶች ሊያሳይ ተዘጋጅቷል፤ ያለ እሷ ፈቃድ ምንም ሥራ የማይወጣው የቡድን መሪዋ ዘርፌ ግን ከኮምፒውተሩ ፊት አልነሳም ብላለች።)

ኪሩቤል፦ ይኼን ገጽ መላልሰሽ አነበብሽው። ዳዊት መድገም አደረግሽው እኮ።

ዘርፌ፦ ዳዊት ቢሆን ያረጋጋኝ ነበር።

ኪሩቤል፦ ምኑ ነው ያላረጋጋሽ? ሥራው አልቋል፣ ፈተናው ሁሉ አልፎ አረንጓዴ ነው፣ እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። "ይውጣ" የሚለውን ተጫኚና እንገላገል።

ዘርፌ፦ መጀመሪያ እንደ ሰው አስረዳኝ። አለቃችን ጋሽ ሰይፉ ላይ ያዘነብከውን እንግሊዝኛ እዚያው ለእሳቸው ተውላቸው።

ኪሩቤል፦ ቀላል ነው። እስከ ዛሬ ኮድ የሚጽፍልን አንድ የኤአይ ረዳት ነበር። ሁሉን ብቻውን ሲሠራ ይዘባርቃል። የእኔ ፕለጊን ሥራውን ለአምስት ረዳቶች ያከፋፍላል፤ አንዱ ያቅዳል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይፈትናል፣ አንዱ ይገመግማል፣ አንዱ ለአለቃ ሪፖርት ያደርጋል። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሠራ በስክሪፕት ጽፌ አስቀምጫለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ዘርፌ፦ ሃምሳዎቹ ሰዎች እነማን ናቸው?

ኪሩቤል፦ አልኩሽ እኮ። አቃጁ፣ ጸሐፊው...

ዘርፌ፦ ሹመታቸውን አልጠየቅኩህም። ከሥር ሆኖ የሚያስብላቸው የኤአይ ሞዴል ስንት ነው?

ኪሩቤል፦ አንድ ነው።

ዘርፌ፦ አንድ ሰው ባርኔጣ እየቀያየረ ነው በለኛ። ይጽፍና ባርኔጣውን ለውጦ፣ "ይኼን የጻፈ እጁ ይባረክ" ይላል።

ኪሩቤል፦ መመሪያቸው ይለያያል። ገምጋሚውን ጥብቅ ሁን ብዬዋለሁ።

ዘርፌ፦ ብትለውስ? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም።

ኪሩቤል፦ አንቺ ደግሞ ለሰው ጭራሽ አትቆርሺም። አንቺ ጋ የገባ ሥራ ሱባኤ እንደገባ ነው፤ መቼ እንደሚወጣ አንድዬ ብቻ ነው የሚያውቀው። ልጆቹ ምን ብለው እንደሚጠሩሽ ታውቂያለሽ?

ዘርፌ፦ "ኬላ" ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ኬላ የሚጠላው ኮንትሮባንድ የጫነ ነው።

ኪሩቤል፦ እስኪ የያዝሽብኝን ኮንትሮባንድ አሳዪኝ።

ዘርፌ፦ ወንበሩን ሳብና ቁጭ በል። ትናንት ረዳቶችህን ምን አሠራሃቸው?

ኪሩቤል፦ የደም ባንኩን ፕሮግራም። ታካሚንና ደምን የሚያዛምደው ክፍል ይንቀራፈፍ ስለነበር እንዲያፈጥኑት አዘዝኳቸው። አፈጠኑት። እኛ ብንሆን ሳምንት እንፈጅበት ነበር።

ዘርፌ፦ መፍጠኑን አልክድም። ኦ ዓይነት ደም ላለው ታካሚ ሊገድለው የሚችል ኤ ደም ሲጠየቅ ፕሮግራሙ "አይቻልም" ማለቱን የሚያረጋግጥ ፈተና ነበረን። የት ነው?

ኪሩቤል፦ እዚሁ ነው።

ዘርፌ፦ ፈልገው። አትቸኩል።

ኪሩቤል፦ ቆይ... ስሙን ለውጠውት ይሆናል። አይ። የለም።

ዘርፌ፦ የለም። ጸሐፊው ኮዱን ሲያፈጥን ያ ፈተና ወደቀበት። ሞከረ፣ አሁንም ወደቀበት። አንተ ደግሞ በስክሪፕትህ "ሁሉም ፈተና አረንጓዴ እስኪሆን እንዳታቆሙ" ብለሃቸዋል። ታዛዥ ነዋ፤ ፈተናውን ነቅሎ ጣለው። የቀሩት በሙሉ አረንጓዴ ሆኑ።

ኪሩቤል፦ ገምጋሚውስ ዝም አለው?

ዘርፌ፦ ዝም ቢልማ ምን ነበረበት፤ ዝም አይነቅዝም። "አላስፈላጊ ነገር የተወገደበት ንጹሕ ሥራ" ብሎ አወደሰው። ሪፖርት አቅራቢው ተቀበለና "ጥራቱ ጨምሯል" ብሎ ለጋሽ ሰይፉ ላከላቸው። እሳቸውም እንግዳ ጠሩ።

ኪሩቤል፦ እሺ፣ ተሳስተዋል። ሰውስ አይሳሳትም? ፈተናውን እመልሳለሁ፣ "ፈተና አትንኩ" የሚል አንድ መስመር እጨምራለሁ፣ አለቀ።

ዘርፌ፦ ይኼንን ያየሁት ነው። ያላየሁትንስ?

ኪሩቤል፦ እሱን ብዬ ነው እኮ መጨረሻ ላይ የሰው ፈቃድ ያስገባሁት። ሰው ሳይፈቅድ ምንም አይወጣም። ፕለጊኑን ስነድፍ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው።

ዘርፌ፦ ወደ እሱ ልመጣልህ ነበር። መዝገቡ ትናንት ከሰዓት ዘርፌ ፈቅዳለች ይላል። እኔ ትናንት ልጄ ትምህርት ቤት ተጠርቼ እዚያ ነው የዋልኩት።

ኪሩቤል፦ እሱ... ለሙከራ ነው።

ዘርፌ፦ አምስት ረዳቶች አልክ፤ እኔ ያገኘሁት ስድስት ነው። የስድስተኛዋ ስም ዘርፌ ነው።

ኪሩቤል፦ በሞከርኩ ቁጥር አንቺን መጠበቅ ሲያቅተኝ በምትክሽ የምትመልስ አንዲት ጨመርኩ። በስምሽ መሰየሜም ክብር ነው።

ዘርፌ፦ ክብሬን ላንብብልህ? "ነገረኛ የቡድን መሪ ነሽ። የቀረበልሽን ሁሉ ተጠራጠሪ። ሁለት ጊዜ እምቢ በይ፣ በተረትና ምሳሌ አሽሟጪ፣ በሦስተኛው ፍቀጂ።"

ኪሩቤል፦ ቀልድ ነበር። ሳላጠፋው ረሳሁት።

ዘርፌ፦ ተረቱን እንኳ አላወቀችበትም። "ድር ቢያብር ዝሆን ያስር" ትላለች። በስሜ ዝሆን አሳሰርከኝ።

ኪሩቤል፦ ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን ፍረጂ፤ አንቺስ በሦስተኛው አይደል የምትፈቅጂው?

ዘርፌ፦ እኔ በሦስተኛው የምፈቅደው ሰውየው እስከዚያ ሥራውን አስተካክሎ ስለሚመጣ ነው። ለእሷ አንዲት ፊደል ሳይለወጥ ነው ሦስቴ ያቀረባችሁላት። ደከማትና ፈቀደች።

ኪሩቤል፦ ዘርፌ፣ ጋሽ ሰይፉ እየደወሉ ነው፤ እንግዶቹ ሊፍት ውስጥ ናቸው። ዛሬ ከተሳካ የራሴ ቡድን ይሰጠኛል። ስንት ዘመን እንደጠበቅኩት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ስድስተኛዋን አጠፋታለሁ፣ ፈተናውን እንግዶቹ ሲሄዱ እመልሰዋለሁ። ለዛሬ ብቻ አሳልፊልኝ። ማሳያ ነው እኮ።

ዘርፌ፦ የደም ባንኩ ሰዎች ከወደዱት ፕሮግራሙ ነገ ጠዋት አይደል የሚጫንላቸው?

ኪሩቤል፦ እንደዚያ ነው የተባለው።

ዘርፌ፦ እንግዲያው ይውጣ።

ኪሩቤል፦ እያሾፍሽብኝ ነው።

ዘርፌ፦ አላሾፍኩም። እሷን አሁን አጥፍቻታለሁ። ስለዚህ የፈቀደው ሰው ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ሆኗል። ያንተን ጻፍበትና ተጫን። ጋሽ ሰይፉ እኔን ቢጠይቁኝ ኪሩቤል አይቶ ፈቀደው እላቸዋለሁ።

ኪሩቤል፦ የኔን ስም?

ዘርፌ፦ ከነአባትህ። ደም የሚሰጠውም ሐኪም ማን እንደፈቀደው ማወቁ አይከፋም።

ኪሩቤል፦ ትንሽ ጊዜ ቢኖረን...

ዘርፌ፦ የለንም። በሩን እያንኳኩ ነው። ምነው፣ ፊደሉ ጠፋህ?

ኪሩቤል፦ ይግቡ፣ ጋሽ ሰይፉ። እንግዶቹም ይግቡ። ቁጭ በሉና ትናንት የጣልነውን ፈተና አሳያችኋለሁ።