ጉም ውስጥ የሚነበብ ፊደል

የጡረታ መምህር ሥራው ምንድን ነው ቢሉኝ፣ በሰው ክርክር መሀል መግባት ነው እላለሁ። ባለፈው ሐምሌ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጣርማ በር ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ ጉሙ ውስጥ ጥገና ቤት ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ። ለካስ የቆምነው ጥገና ቤት ፊት ለፊት ኖሯል! በሩ ላይ ታፔላ ነበረው፤ ማን አይቶት።

ባለቤቱ ሐጂ አብዱልሀሚድ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው፤ ፍሬንና ጎማ እየጠገኑ ልጆች ያሳደጉ። ሹፌራችን ጎማውን ሲያስፈታ እሳቸው ከልጃቸው ከሁስና ጋር ይከራከራሉ። ሁስና አዲስ አበባ ግራፊክስ ተምራ የመጣች ናት። የያዘችው ቢጫ ቆርቆሮ ላይ በጥቁር ቀለም «ፍሬን» የሚል ቃል ብቻ ተጽፏል። ፊደሎቹ ወፋፍራም፣ ጠርዛቸው በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ናቸው።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ ሐጂ ወንበር እየሳቡልኝ። «ፊደል እንዲህ ይጋደማል? አስተግፊሩላህ፣ ኸምር የቀመሰ ይመስላል እኮ!»

«አባባ፣ አልተጋደመም፤ እየሄደ ነው» አለች ሁስና ፈገግ ብላ። «ከሀ እስከ ፐ ሁሉንም በኮምፒውተር የሣልኩት እኔ ነኝ። ቀጥ ብለው ከቆሙት መሀል ዓይን የሚጠራው ያዘነበለው ነው።»

«የእኔ ታፔላ ምን ጎደለው?»

ቀና ብዬ አየሁት። አቤት ጨዋነት! «ቢስሚላህ» ይላል፤ «ውድ መንገደኞች እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል፤ የሐጂንና የወንድሞቻቸውን ስም ይዘረዝራል፤ መልካም ጉዞ ይመኛል። ፍሬን የሚለው ቃል ታች ጥግ ላይ፣ በቀጭን ቀይ ቀለም፣ በአበባ ሐረግ ተከቦ ተሸጉጧል። እኛ የዚህ አገር ሰዎች መቼም ሰላምታ ሳናበዛ ጉዳያችንን አንናገርም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ «እንደምን ዋላችሁ» ብለን ነው ውሃ የምንጠይቀው።

«ሰላምታው ጥፋት የለውም» አለች ሁስና። «ሹፌር ግን ቆሞ አያነብም፤ ዓይኑን ጣል አድርጎ ያልፋል። ቃለ አብም...»

የሐጂ ፊት ጠቆረ። ቃለ አብ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ወር ፍሬኑ ደክሞበት ጥገና ቤት እየፈለገ በዚሁ በር አለፈ፤ ቁልቁለቱ ላይ ከአለት ጋር ተላትሞ እግሩ ተሰበረ። ሐጂ ሆስፒታል ሄደው ሲጠይቁት «ቤትዎን አላየሁትማ» አላቸው።

«እሱ የጉሙ ጥፋት ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጉሙን ምን እናደርገዋለን አባባ? የምንችለው ታፔላውን ነው።»

«ይሁን። አጉልተሽ ስለጻፍሽው ነው እንጂ መጋደሙ ምን ይረባል?»

ጥያቄያቸውን ወደድኩት፤ ዝም ብሎ ከሚቀበል ሰው የሚሞግት ይሻላል።

«ልክ ነዎት፤ የሚያስነብበው ማዘንበሉ አይደለም» አለች። «እሱ ዓይን ለመሳብ ነው። የሚያስነብበው ውፍረቱና የውስጡ ክፍተት ነው። ፊደል ሲወፍር ሆዱ ይደፈናል፤ ‹መ›ና ‹ወ› ከሩቅ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። እኔ ክቡን በማዕዘን ለወጥኩና ውስጡን ከፈትኩት። ቁመቱማ ታፔላዎ ላይ ከተጻፈው ስምዎ አይበልጥም፤ ይለኩት።»

ሐጂ ወንበር ላይ ቆመው ሁለቱንም በስንዝራቸው ለኩ። እኩል ነው።

እኔ መቼም አላስችል አለኝ፤ «ተነሡ!» አልኩ። ቆርቆሮውን ከታፔላው ሥር አቁመን፣ ከሐጂ ጋር አስፋልቱን ተሻግረን ጉሙ ውስጥ ገባን።

«የእኔ ይነበባል» አሉ ሐጂ።

«እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል። ለእኔ ግን ምንም አይታየኝም።»

«ያኛውስ?»

«ፍሬን ይላል።»

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሁለቱንም ደጋግመው አዩ። «ቃለ አብ እውነቱን ኖሯል» አሉ። እንባ አቀረሩ። እኔም ክንዳቸውን ይዤ አስፋልቱን መልሼ አሻገርኳቸው።

ስንመለስ ግን ክርክሩን አልተዉም። «እንግዲህ ሁሉ ነገር በዚህ ሊጻፍ ነው? የኒካህ መጥሪያሽንም?»

ሁስና ሳቀች። «ኧረ በፍጹም! ረጅም ጽሑፍ በዚህ ቢጻፍ ዓይን ያደክማል። ሙአዚን አዛን ሲል ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ቤቱ ገብቶ ግን ሚስቱን እየጮኸ አያናግርም። ይኼ ለአንድ ሁለት ቃል ነው፤ ለሱቅ ስም፣ ለማስጠንቀቂያ፣ ለኳስ ማልያ፣ ለመጽሐፍ ርእስ። የእርስዎን ሰላምታ ውስጥ ግድግዳው ላይ እንስቀለው፤ ጎማው እስኪሠራለት የተቀመጠ ሰው ተረጋግቶ ያነበዋል።»

«እሱስ ደግ ብለሻል» አሉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ የልጅቱ ትምህርት ይኸው ነው። ቸኩሎ ለሚያልፍ ሰው ጉዳዩን አስቀድመን፣ በወፍራሙ ብንጽፍለት ባለሱቁ ገበያ ያገኛል፤ መንገደኛውም የሚፈልገውን አያልፍም። ለተቀመጠ ሰው ደግሞ በቀጭኑና በቆመው ፊደል የልባችንን ብናወጋው ማን ይከለክለናል?

ጎማችን ተሠርቶ ልንነሣ ስንል፣ ሐጂ መሰላል ላይ ወጥተው ታፔላቸውን በገዛ እጃቸው ይፈታሉ።

«ሁስና! ሌላ ቆርቆሮ አለሽ?»

«አለ። ምን ሊጻፍበት?»

«ቃለ አብ የተጋጨበት ኩርባ ላይ የሚተከል ነው። ‹ማርሽ ቀንስ› በይበት፤ በዚያ በሚሄደው ፊደልሽ።»

«ከሥሩ የእርስዎን ስም ላግባ?»

«ተይው!» አሉ ሐጂ። «ስሜን ሲያነብ ገደል ይግባ እንዴ?»