ሜስኪቱን ከሥሩ

ና ዌንደል፣ ና እዚህ ከኔ ጋር ተሰለፍ። የቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ከጸሎቱ ሰልፉ እንደሚረዝም አታውቅም? ሙቀቱ እናንተ ጋ እንዴት ነው? በዚህ በቴክሳስ ፀሐይ እኛ ጋ ዶሮዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚውሉት። ሥጋውን ከዳር ቁረጡልኝ በል፣ ጠቆር ያለውን፤ መሐሉ ይደርቃል። ይሄኛው የድንች ሰላጣ የኔ ነው። የዚያኛውን ባለቤት አልነግርህም፤ ከቀመስከው አንተም ለማንም አትናገርም።

ኧረ ወንበሩ ይቅርብኝ! ዳሌዬ ተጠግኗል፣ ይኸው በከዘራዬ ቆሜያለሁ። የአክስትህን አጥንት ተወውና ስለ ሥራው እናውራ። ቅዳሜ ጨረታው ላይ ትሄድልኛለህ አይደል? የአጎትህ የኤልሮይ ትራክተር ሞተሩ ደህና ነው፤ የጎደለው ትንንሾቹን እሾሃም የሜስኪት ዛፎች ከግጦሼ ላይ የሚያስለቅቅልኝ፣ እላዩ ላይ የሚገጠም መሣሪያ ነው። ምን እንግዛ ትላለህ? ማጨጃ? ... አይ፣ ማጨጃስ ይቅር። ስለ ማጨጃ በደንብ ተምሬያለሁ፤ ያስተማሩኝን ሰው እግዜር ይስጣቸው።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ከወደቅሁ ወዲህ ጆሮዬ ደከም ብሏል። ዳሌና ጆሮን ምን አገናኛቸው አትበለኝ፣ እርጅና ነው። ደግሞ እዚያ ፊት ለፊት ባቄላ የሚጨልፉትን ባለ ነጭ ባርኔጣ ሰው ትኩር ብለህ አትያቸው። ሰው ሳህኑን ሲሞላ አይታይም።

ምን እያልኩህ ነበር? አዎ... ስለ ደግነት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ። ውሸት ነው! ይኸው እኔ አምና ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ ወድቄ ሆስፒታል ስተኛ ምሳር ይዞ የመጣ የለም። የመጣው ማጨጃ ነው። ልማዳችንን ታውቀዋለህ፤ እዚህ አገር ሰው ሲታመም ጎረቤት ሳይጠሩት መጥቶ ሥራውን ያነሳለታል። አንዱ አጥር ጠገነልኝ፣ አንዱ ዶሮዎቼን አበላልኝ። አንድ ደግ ሰው ግን... ስማቸውን ለምን ልጥራ፣ ደግ ሰው ስሙ ሲነሳ አይወድም... እሳቸው ያንን ትልቁን አዲሱን ማጨጃቸውን ገጥመው መጡና ግጦሼ ላይ ያለውን ሜስኪት ከዳር እስከ ዳር አጨዱት። ኤልሮይ ዕድሜ ልኩን አንድ በአንድ ሲቆፍር የኖረውን እሾህ፣ እሳቸው በሳምንት! ፓስተሩ እሑድ ከመድረክ አመሰገኗቸው፣ ሰውም አጨበጨበ አሉኝ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰማ አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ ከደስታ ብዛት ነው ያለቀስኩት።

ቤቴ ስመለስማ መሬቱ ትናንት የተላጨ ራስ መስሎ ጠበቀኝ። እንዴት ያምር ነበር! በምርኩዝ ቆሜ የፔካን ኬክ ጋገርኩና ላክሁላቸው። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

አንተ እዚህ የተወለድክ ልጅ ነህ፣ ምን ልንገርህ? ጥድ ከመሬት እኩል ብትቆርጠው ሞተ ማለት ነው። ሜስኪት ግን ቡቃያው የሚወጣበት ዓይኑ ያለው አፈር ውስጥ ነው፤ ከላይ ስትቆርጠው «ስንት ልሁንልህ?» ብሎ ነው የሚጠይቅህ። አንዱ ግንድ አሥር ሆኖ ተነሳ። ለኔ ለብቸኛዋ መበለት እንዲህ ያለ ብዙ ቤተሰብ ማን አስቦልኝ ያውቃል? ጉቶው ደግሞ እንደ ጦር ሾሎ ቀርቶ የኡባልዶን መኪና ጎማ በላው። ኡባልዶን ታውቀዋለህ፣ ግጦሼን ተከራይቶ ከብቱን የሚያሰማራውን። ጨዋ ሰው ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የነገረኝ። «ሴኞራ፣ ጥጃዎቼ እሾሁ ውስጥ ከገቡ አይታዩኝም። ብርዱ እስኪገባ ካልጸዳ ሌላ ቦታ መፈለጌ ነው» አለኝ። እሱ ከሄደ እኔ የመሬቱን ግብር በምን ልከፍል ነው? በኬክ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባላል፤ ለኔ ግን ኩበቱም አይቀርልኝም።

አንዳንድ ምላሰኞች ምን እንደሚሉ ሰምተሃል? «ሰውየው እያወቁ ነው» ይላሉ። እኔ ተቆጣሁ! እንዴት እንዲህ ይባላል? ሰውየው የተወለዱት ጥድ አገር ነው፣ ሜስኪትን ከየት ያውቁታል? እርግጥ እዚህ ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል... ግን ሰው በሠላሳ ዓመት ሁሉን ነገር ይማራል እንዴ? እርግጥ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ የራሳቸውን ግጦሽ አይቼዋለሁ። ሜስኪት የነበረበት ቦታ ሁሉ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው። እያንዳንዱ ከሥሩ ወጥቶ፣ ሥሩ ለፀሐይ ተገልብጦ... አንዲት ቡቃያ የለችም። ምላሰኞቹ ይሄን አይተው ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ደግ ሰው አዲሱንና ትልቁን ነገር ለራሱ ያደርጋል? ለራሳቸው ያንን አሮጌውን መንቀያ፣ ለኔ አዲሱን ማጨጃ! እንዲህ ራሱን የሚረሳ ሰው የት ይገኛል?

ባቄላው አለቀ እንዴ? ጭልፋው ቆመ።

የኬኩን ሳህን መመለስም አልረሱም። ሳህን ባዶውን አይመለስም አይደል ልማዳችን? ሌላው ሰው ቲማቲም ያደርግበታል፣ እንቁላል ያደርግበታል። እሳቸው ሐሳብ ይዘው መጡ። በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ፣ በረዶ ያደረግሁበትን ሻይ ፉት አሉ፣ ወደ እሾሁ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኦቲሊ፣ ይሄ መሬት ለብቻሽ ከበደሽ። እሾህ የዋጠውን መሬት ማን ይገዛሻል? እኔ ግን ለኤልሮይ ስል እወስድልሻለሁ» አሉኝ። ለኤልሮይ ሲሉ! ባሌ መቃብር ገብቶም እንዲህ የሚያስብለት ጓደኛ አላጣም። ያን ዕለት አለቀስኩ? አላለቀስኩም። ስኳር ጨመር አድርጌ ሻዩን ደገምኩላቸው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። አንተ የሩቅ ዘመዴ ነህ፣ ስንት መንገድ ነድተህ መጣህልኝ። አየህ፣ ለምን ትደክማለህ? የቅርቡ ነበረልኝ እኮ...

ይልቅ ቅዳሜ ምን እንደምትገዛ ልንገርህ፣ ልብ ብለህ ስማኝ። ግንዱን ነክሶ የሚስበው ጉጠት አለ፤ ለአንድ ግንድ መልካም ነው። የኔዎቹ ግን አሥር አሥር ሆነዋል፣ ቀጫጭኑን እየበጠሰ ሥሩን ይተውልናል። ማጨጃ በነፃም ቢሰጡህ እንዳትነካ። በነፃ የታጨደልኝ ምን እንዳስከፈለኝ አይተሃል። አንተ ያንን ወፍራም የብረት ስለት ያለውን ውሰድ፣ ከትራክተሩ ፊት ተገጥሞ አፈር ውስጥ የሚገባውንና ሥሩን ከዓይኑ በታች የሚቆርጠውን። ዝግ ያለ ሥራ ነው። መሬቱን ያቆሳስለዋል፣ ለዓይን አያምርም፣ ከመድረክ የሚያመሰግንህም አይኖርም። ግን ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይሉ የለ? እኛ ሜስኪቱንም ከሥሩ። ከኡባልዶ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ብርዱ እስኪገባ በጅረቱ በኩል ያለውን ግማሽ ካጸዳንለት ከብቱን አያወጣም። መሬቱም አይሸጥም! ... ጮህኩ እንዴ? ይሁን፣ ጆሮዬ ነው ብዬህ የለ።

ውይ፣ ባለ ነጭ ባርኔጣው ሳህናቸውን አስቀምጠው ወደ መኪናቸው ሄዱ? ጣፋጩን እንኳ ሳይቀምሱ? የፔካን ኬክ አምጥቼ ነበር እኮ! ምን አስቸኮላቸው? እኛ የምናወራው ስለ ትራክተር ነው።

በል እሳቸውም ይሂዱ፣ እኛ ምግባችንን ሳንነካ ያንን ደግ ጎረቤቴን እንመርቃቸው። ውለታ የማይረሳ ቤት ነው ያሳደገህ። ባርኔጣህን አውልቅና አሜን በል።

እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ለኔ ያሰቡልኝን ሁሉ አንድም ሳያጎድል ለራሳቸው ያስብላቸው። ምናልባት አንድ ቀን እንደ ሰው ወድቀው አልጋ ላይ ቢውሉ ደግሞ፣ ቤታቸውንና መሬታቸውን የሚጠብቅላቸው፣ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ጎረቤት አያሳጣቸው።