በርኖሱን የበላው መጋዝ

በኛ ጊዜ ሰው ለመጋዝ ያደገድግ ነበር። አትሳቅ ጌትነት፣ አንተን ነው፤ ያን የሞተር መጋዝህን ገና አታስነሣው፣ አስቀምጠውና ቁጭ በል፣ ባሕር ዛፉ የትም አይሄድብህ። አንገትህ ላይ የጠመጠምከውን ሻርፕ አይቼ ነው ይህ ነገር ትዝ ያለኝ። እናንተም ስሙ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ አንድ መጋዝ ተከለ። ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ የሚስበው እንዳይመስላችሁ፤ ክብ ነው፣ ሰፌድ ያህላል፣ ዙሪያውን ጥርስ ነው፣ እና ከወዲያ ሞተር አለ፣ ሞተሩንና መጋዙን የሚያያይዝ ረጅም ጠፍር አለ፣ ቺንጋ ይሉታል፣ እሱ ነው እየሮጠ መጋዙን የሚያዞረው። አያታችሁ ግንድ እየገፋ ለመጋዙ የሚያጎርስ ነበር። እኔ ደግሞ ገና ሙሽራ ነኝ፣ ከምንጭ ውሃ እየቀዳሁ ለሞተሩ አመላልሳለሁ፤ ያ ሞተር ከተጠማ በሬ በላይ ይጠጣል። ወደን አይደለም፣ ተይዘን ነው።

ታዲያ የሥራው አለቃ አንድ ቀይ ጣልያን ነበር፣ አማርኛ አውቃለሁ ባይ፤ የሚያውቀው ግን አንድ እፍኝ አይሞላም። መጀመሪያ ቀን ወንዶቹን ሰብስቦ ሸማቸውን እየጎተተ፣ «ልብስ የለም፣ ልብስ ሞት» አለ። ደግሞ፣ «ልብስ የለም፣ ልብስ ሞት።» ወንዶቹ ተያዩ። ራቁታችሁን ሥሩ ማለቱ ነው አሉ፣ እና ሚስትና እህት ውሃ በሚያመላልስበት ሜዳ ራቁት ከመቆም ሞት ይሻላል አሉ፣ አንዱማ መጥረቢያውን ጨበጠ። ነገሩ ደም ሊሆን ነው። አያታችሁ ግን ቺንጋው መሬት የወደቀ የገመድ ቁራጭ ላፍ አድርጎ ሲወስድ አይቶ ነበርና ገባው። «ራቁት አላለም፤ የሚንጠለጠል ነገር አይኑር ነው የሚል። ጌታ ፊት ስንቀርብ እንዴት ነው የምንቆም? እንደዚያው አደግድጉ» አላቸው። ሁሉም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረ፣ መጥረቢያውም ወረደ።

ጣልያኑ ታዲያ የአገሩን ወግ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ያን ሁሉ ሰው አደግድጎ ሲያይ ለእሱ መሰለው። ጠዋት ጠዋት ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ ይሰጠን ጀመር። እኛም አላረምነውም፣ ለመጋዙ ነው ብንለው ምን ይጠቅመናል? የማንም ጣት ግን አልተቆረጠ።

አንድ የከፋ ትእዛዝ ነበር። ያለ ፈቃድ ሞተር ያስቆመ ሽፍታ ነው ተብሏል። ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው፤ ከኛ በፊት አንዱ በዚሁ ተይዞ ሄዶ አልተመለሰም። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ግራዝማችን ላምጣላችሁ። ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ደጎች ናቸው። ግራዝማች ለጣልያን ካደሩት አንዱ ነበር፤ ጣልያኑ ፊት ሲቀርብ ማደግደጉንስ ተዉት፣ ግንባሩ ጉልበቱን ይነካል። አንድ ቀን ታዲያ ለቤቱ በር የሚሆን ሳንቃ ሊመርጥ መጣ፣ ጥቁር በርኖስ ደርቦ፣ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። አያታችሁ ቀረብ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ በርኖሱን ያውልቁት፣ ወይም ሰብሰብ ያድርጉት፣ ይህ ነገር ከያዘ አይለቅም» አለው። ግራዝማች ቃሉ በአፍንጫው ነበር የሚወጣ፣ እንዲህ፤ «እኔ ለብረት ላደግድግ? ለሮማው ንጉሥ ያደገደግሁ ሰው ነኝ።»

እና ሳንቃውን ሊያይ ጎንበስ አለ፣ ቺንጋው የበርኖሱን ጫፍ ያዘው። የምጮኽበት ጊዜም አላገኘሁ። ጨርቁ ሲጠቀለል ሰውየው አብሮ ይሳባል፣ አንገቱ ታነቀ፣ ፊቱ ጠቆረ። አያታችሁ አጣና አነሣ። ልቤ ያለኝን ልንገራችሁ፣ አላፍርም፤ ተወው አለ ልቤ፣ ባንዳ ነው፣ ይብላው፣ ያን ቺንጋ ከነካህ እኔን መበለት ታደርገኛለህ አለ። ደግነቱ አያታችሁ የኔን ልብ አይሰማም። አጣናውን ከቺንጋው ሥር ሰደደና ወደ ጎን ገፋው፣ ቺንጋው ተፈናጥሮ ወደቀ፣ መጋዙም እያፏጨ ቆመ።

ጣልያኑ ሽጉጡን መዝዞ እየሮጠ መጣ። «ማነው ሽፍታ? ማነው ሽፍታ?» አያታችሁ አጣናውን እንደያዘ ቆሟል፣ መካድም አይችል። እንስራው ከጀርባዬ ወርዶ ተሰብሯል፣ መሰበሩን ያወቅሁት እግሬ ሲርስ ነው። ሰው ሁሉ ግራዝማችን ያያል፤ እሱ በርኖሱ ተበጣጥሶበት በእጀ ጠባቡ ቀርቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ያሻሻል። በርኖሴ ተይዞብኝ ነው ቢል ጣልያኑ ፊት ሞኝ ሆነ፤ ዝም ቢል ባሌ ሞተ። ታዲያ ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ እና፣ «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ። «መኪናው ሊፈነዳ ሲል አየሁና አቁም አልኩት፤ መኪናው እምቢ ሲል በርኖሴን ወረወርኩበት።»

ጣልያኑ ቃሉን ሁሉ ባይሰማም፣ በእጁ እያሳየ ሲያስረዳው ገባው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ በማግስቱም ካፖርት ሸለመው። አያታችሁ ቺንጋውን ሲመልስ ምሳ ሳይበላ ዋለ። እኔ ምን ገዶኝ፣ የተራበ ባል አለኝ፣ ግን አለኝ። ያን ውሸታም በዚያች ሰዓት እግሩን ብስመው ደስ ባለኝ።

ቆዩ፣ አላለቀም። ጣልያን ወጣ፣ ባንዲራችን ተመለሰ፣ እና ግራዝማች በየሠርጉ ምን እያለ የሚጫወት ይመስላችኋል? «የጠላትን መኪና በበርኖሴ አንቄ ያቆምሁ እኔ ነኝ።» ሰው ይደነቃል፣ ከፍ ካለው መደብ ያስቀምጠዋል። ወደ አያታችሁም ዞር ብሎ፣ «አይደለም እንዴ?» ይለዋል። አያታችሁ ጠላውን አስቀምጦ፣ «እውነት ነው፣ በርኖሱን እኔም አይቻለሁ» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። እኔ ከጎኑ ሆኜ እቆነጥጠዋለሁ።

ግን አንድ ነገር መደበቅ አልቻለም። በኋላ ከተማው የሞተር ወፍጮ ሲገባ፣ ግራዝማች በዚያ በኩል ሲያልፍ ገና ድምፁን እንደሰማ ኩታውን ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ ያደገድግ ነበር። ሰዉም፣ «አይ ትሕትና፣ ለባለ ወፍጮ እንኳ ያደገድጋል» ይላል። እኔና አያታችሁ እንተያያለን።

«ታዲያ እማማ» አለ ጌትነት፣ «ጀግናው ማንኛው ነው ይላሉ?»

«ጀግናውማ በርኖሱ ነው፤ ያን ቀን የሞተ እሱ ብቻ ነው። ሻርፕህ ጀግና እንዲሆንልህ ካልፈለግህ ወዲህ በለው።»

ጌትነት እየሳቀ ፈትቶ ሰጣቸው። እሳቸው ግን ሻርፑን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ሲያበቁ ጌትነት የደረበውን ጋቢ ጫፍ በከዘራቸው ነካ አደረጉና፣ «ይሄኛውስ ለማን ነው የተንጠለጠለ?» አሉት።