ቀዩ መስመር የት ሄደ?

ዝናብ ባይይዘኝ ኖሮ ያን ቀን ወዳጄ ቢሮ ባልወጣሁ ነበር። ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ነጭ ጋውኗን በፌስታል ጠቅልላ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ ለሕፃናት ሐኪም ቤቱ የመድኃኒት ፕሮግራም የሠሩት ሰው በር የቱ ነው?» አለችኝ።

መምህር ነኝ፤ መንገድ ማሳየትና መምከር ልማዴ ነው። ምን እንደገጠማት ሳልጠይቅ ይዣት ገባሁ።

ወዳጄ ጸጉሩ እስኪሸብት ለክሊኒኮች ፕሮግራም ሲጽፍ የኖረ፣ ሰው አክባሪነቱ የሚወራለት ሰው ነው። ቢሮው ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተርና የሚያፈስ መስኮት ነው። በሁለተኛው ጠረጴዛ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች የእህቱ ልጅ ትሠራለች።

«በእጄ ሕፃን ሞቷል» አለች ሴትዮዋ እንደቆመች። «ነርስ ነኝ። ክብደቱን አስገባሁ፣ ስክሪኑ ያወጣውን መጠን ሰጠሁ። ለካ ከሚገባው አራት እጥፍ በላይ ነበር። አሁን ክብደቱን ተሳስተሽ ጽፈሻል ይሉኛል። ነገ አጣሪ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። እኔ ግን በትክክል ነው የጻፍኩት፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ወዳጄ ወንበር ሳበላት። «እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ግን ኮምፒውተር የሰጡትን ነው የሚመልሰው። ደክሞሽ ይሆናል።»

ውሸትሽን ነው ማለቱ ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። ተናደድኩበት።

የእህቱ ልጅ ፊቷን ከስክሪኑ መለሰች። «ምን ብለው ነው የጻፉት? ልክ እንደጻፉት ይንገሩኝ።»

«አራት ነጥብ ሁለት ኪሎ።»

«ኪሎ የሚለውንም ጻፉት?»

«ታዲያስ! አራት ነጥብ ሁለት ምን ሊባል ነው? ስክሪኑ ላይ ያለው የክብደት ሳጥንም ምንም ሳይለኝ ተቀበለ።»

«ከእሱ በፊት ያስገቡት ልጅስ?»

ነርሷ ግንባሯን ያዘች። «አሥራ ስምንት። እሱን ስጽፍ ሰው ተሰልፎብኝ ስለነበር ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፍኩት።»

ልጅቱ ፕሮግራሙን ከፍታ አሥራ ስምንት ጻፈች። «አዲስ ታካሚ» የሚለውን ስትጫን ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ከዚያ «4.2 ኪሎ» ብላ ጻፈችና አሰላች። የወጣው መጠን የአሥራ ስምንት ኪሎ ልጅ መጠን ነው። ሳጥኑ ላይ ግን «4.2 ኪሎ» እንደተጻፈ አለ።

ነርሷ ያኔ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣» አለችኝ ልጅቱ ግራ መጋባቴን አይታ፣ «የምናየው ሳጥን ሌላ ነው፣ ውስጥ ያለው ቁጥር ሌላ። የሚያገናኛቸው ዳታ ባይንዲንግ የምንለው ማሰሪያ ነው፤ እላይ የተጻፈውን ወደ ውስጥ ያሻግራል። ‹ኪሎ› ቁጥር አይደለም፣ ስለዚህ ማሻገር አቃተው። ባዶውንም ሳጥን እንደዚሁ አላሻገረም። ውስጥ የቀረው የፊተኛው ልጅ ክብደት ነው።» ቀጥላ ወደ እሱ ዞረች። «ሲያቅተው ግን ሳጥኑን በቀይ መስመር መክበብ ነበረበት። አጎቴ፣ ቀዩ መስመር የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። «ዋናው ሐኪም ሰው ፊት ‹በቀይ የምታርመኝ ተማሪህ ነኝ ወይ?› አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አፈርኩ። ሰው ማክበር ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?»

«እርስዎ ያከበሩት ሐኪሙን ነው። ሕፃኑንስ?»

«አፍሽን ሰብስቢ!» ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «የተማረ ሰው ቁጥር ብቻ መጻፍ ያቅተዋል? ሁሉን ሰው እንደ ልጅ እየጠበቅን ልንኖር ነው?»

«ይቆጡኝ፣ ግን ይስሙኝ። ሰው ሲደክመው ነጥብ ይዘላል፣ ኪሎ ብሎ ይጨምራል። እርስዎ ማስጠንቀቂያውን እንጂ ስህተቱን አላጠፉም። ፕሮግራሙን ይሉኝታ አስተማሩት፤ ሳይገባው የገባው መሰለ።»

ይሉኝታ ስትል እኔም ደነገጥኩ። ስንቴ ያልሰማሁትን «እሺ» ብዬ አልፌያለሁ! ድገምልኝ ማለት ነውር እየመሰለኝ። የእኛ እሺታ ግን መርፌ ውስጥ አይገባም።

ወዳጄ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ነርሷ ቀደመችው። «ቀይ ባይ ኖሮ እኮ...» አለች።

መነጽሩን አወለቀ። ሲጠርገው ቆየና «ቦታውን ልቀቂልኝ» አላት የእህቱን ልጅ። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ነገረችው። ቀዩ መስመር ይመለስ፤ ቀለም የማይለይ ሰውም አለና ከሥሩ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ይነገር። ለሕፃን የማይሆን ክብደት ሲገባ ይጠይቅ። «አዲስ ታካሚ» ሲባል ውስጡም ይጽዳ። ስህተቱ እስኪታረም ድረስ «አስላ» የሚለው ቁልፍ አይሥራ።

«ሐኪሙም ቢሆኑ?»

«ሐኪሙም ቢሆኑ።»

ሲጨርስ ነርሷን ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። «4.2 ኪሎ» ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ቀላ፤ ከሥሩ «ክብደቱን በቁጥር ብቻ ይጻፉ» አለ። ቁልፉን ብትጫነው እምቢ አላት። «ኪሎ» የሚለውን አጠፋች፣ ቀዩም ጠፋ።

«ይቺው ናት?» አለች።

«ይቺው ናት።»

ዛሬ ያ ፕሮግራም በብዙ ክሊኒኮች ይሠራል። መጀመሪያ ሁሉም አጉረመረመ፣ ኋላ ለመደው። የደከመ ሰው ሲሳሳት ስህተቱ እዚያው ሳጥኑ ላይ ይያዛል፣ አልጋው ድረስ አይዘልቅም። ስክሪኑ ላይ የሚታየውና የሚሰላው አንድ ነው። ሐኪሙም ሲቀላባቸው ዝም ብለው ያርማሉ አሉ፤ ክብራቸው አልተነካም።

ያን ቀን ግን ዝናቡ ሲያባራ ወዳጄ ኮቱን ለብሶ «ነገ አብሬሽ እቀርባለሁ» አላት።

«ምን ሊሉ?»

«ስክሪኑ ዋሸ እላለሁ። እንዲዋሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«የሕፃኑ እናትም ትኖራለች» አለች ቀስ ብላ፣ ቀድማንም ወረደች።

ወዳጄ የደረጃውን ብረት ጨብጦ ቆመ። «እሷንስ ምን እላታለሁ?» ሲል ወደ እኔ ዞረ።

ዕድሜዬን ሙሉ ምክር አጥቼ አላውቅም ነበር። ክንዱን ይዤ ወረድን።