አቶ ጆቴ ያስተማሩት ጣት

ጓዶች፣ ብርጭቆአችሁን እንደያዛችሁ ተቀመጡ። የአቶ ጆቴን መሸኛ ንግግር አላስረዝምም።

አቶ ጆቴ በ1971 ዓ.ም. ወደዚህ ጥጥ መዳመጫ ሲመጡ የቅጥር ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። «ሙያዎ?» አልኳቸው። «ጣት አስተምራለሁ» አሉኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አልሳቁም። «መምህር» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ተመደቡ። ጠመኔ ይዘው ሠላሳ እናቶች ፊት አንድ ፊደል ሳይጽፉ ቢቆሙ፣ እናትነሽ የምትባል ጥጥ ለቃሚ «ጋሼ፣ ፊደሉን የት አደረጉት?» አለቻቸው። «እኔ የማውቀው ሽጉጥ ነው፣ እናቴ» ብለው ወጡ። የተቀጠሩት ለጥበቃዎቻችን ተኩስ ለማስተማር መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ልማዳቸውን ታውቃላችሁ። ሽጉጥ ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ ሳያዩ አይጨብጡም፤ ከዚያም በር ጠባቂውን ጠርተው ያሳዩታል። ለአንድ ሰው በዓመት የሚፈቀደው ሦስት ጥይት ስለሆነ በባዶው ያለማምዳሉ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ያቆሙና «ቀለሁ ሳይወድቅ ምላጩን ሳብ፤ ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ። «ጣትህን ከምላጩ አውጣ» የሚለውንማ ሻይ ክበብ ውስጥ ስኒ የያዘ ሰው ሳይቀር ሰምቶታል። እኔም መነጽሬን አድርጌ ተሰልፌአለሁ። ሁለት ዓይኔን ጨፍኜ ብተኩስ፣ ኢላማውን ሄደው አይተው ተመለሱና «እትዬ ተሻለች፣ ደህና ነው፤ ሰላም ይልዎታል» አሉኝ።

አሁን ሳቁን እንተወው።

አምና የልምምዱ ሰዓት ለስብሰባ ተወሰደ። ስድስት ወር ሲያልፍ አቶ ጆቴ «ያልተለማመደ እጅ ይረሳል፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይመለስልን» የሚል ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈው፣ ለሥራ አስኪያጁ እንዳሳልፈው አመጡልኝ። ከግርጌው የአብዮቱ መፈክር አልተጻፈም ብዬ መለስኩባቸው።

«እትዬ፣ ነገሩ እኮ ያስቸኩላል።»

«ደንብ ደንብ ነው» አልኩ።

ሁለተኛ ሲያመጡት ግልባጩ ጎድሎ ነበር። እንደገና መለስኩት። ደብዳቤው ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቡልቡላ አጠገብ ሽፍቶች የጥጥ መኪናችንን አስቆሙ። አጃቢው፣ ባልደረባችን ፈይሳ፣ ሽጉጡን ለመምዘዝ ሲጣደፍ ጣቱ ምላጩ ላይ ነበረ። የገዛ ታፋውን መታ። ዝዋይ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ደሙ አለቀ። ስድስት ወር ሙሉ ባዶ ሽጉጥ እንኳ አልጨበጠም ነበር።

ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ግቢ «ጆቴ ሳያስተምር ነው የላከው» ይባላል። እዚህ ከተቀመጣችሁትም ያላችሁ አላችሁ። ደብዳቤውን ቢያነሡ የእኔ ስም ይነሣ ነበርና፣ እርሳቸው አላነሡትም። ይህን ስም አሸክመን እንዳንሸኛቸው እኔ እናገራለሁ። ደብዳቤው መቼ እንደመጣ፣ ስንት ጊዜና ለምን እንደመለስኩት ዛሬ ጠዋት ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅደራቸው ውስጥ አስገብቻለሁ። የምጠየቅበት ከሆነም እጠየቃለሁ።

አቶ ጆቴ፣ አሥር ዓመት ባስተማሩበት ሜዳ አንድ ሰው አልቆሰለም። ጥበቃችን መሐመድሰዒድ ሞጆ ላይ ወደ መኪናው እየሮጠ የመጣውን ሰው ሳይተኩስ ጠበቀው፤ ሰውየው የራሳችን ሾፌር ነበር። ሾፌሩ ያው፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እርስዎን የማመሰግነው ስለ እርሱ ሕይወት ነው።

እርስዎ ሌሊቱን ቁጭ ብለው እንደሚያነጉ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኢፍቱ ነግረውኛል። ጓዶች፣ ተነሡ፤ ብርጭቆአችሁን አንሡ። ለአቶ ጆቴ ጤና፣ ለቤታቸው ሰላም፣ ለፈይሳ ልጆች ዕድሜ። አቶ ጆቴ፣ የፈይሳ ሞት የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የእኔን ድርሻ እኔ እሸከማለሁ። እርስዎ ቤትዎ ይግቡና ይተኙ።